ለካንሰር ሕሙማን የሚደረግ ለስላሳ እሽታ፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ወገራ ወረዳ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ መታሸት እንግዳ ነገር አይደለም። ወለምታ የገጠመው ሰው ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ጨቅላ ሕፃንም በቅቤ ይታሻል። ካንሰር የያዘው ሰው ቢታሽስ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? መልሱ እንደ አስተሻሸቱ፣ እንደሚታሸው የሰውነት ክፍልና እንደ ሕመሙ ደረጃ ይለያያል።

ምንነቱ

ለስላሳ እሽታ በመዳፍ ቆዳን ቀስ ብሎ መዳበስና በትንሹ መጫን ነው። ጡንቻን በኃይል አይጫንም፤ መገጣጠሚያም አይጎትትም። ብዙውን ጊዜ በእጅ፣ በእግር፣ በትከሻ ወይም በጀርባ ላይ ይደረጋል። ደጋፊ ሕክምና በመሆኑ ካንሰሩን አያድንም፤ የቀዶ ሕክምናን፣ የኬሞቴራፒንና የጨረር ሕክምናን ቦታም አይተካም።

ጥቅሙ

በኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 1 ሺህ 290 ሕሙማን የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከእሽታ በኋላ የሕመም፣ የድካም፣ የጭንቀትና የማቅለሽለሽ ስሜት በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ያልታሹ ሕሙማን ለንጽጽር አልቀረቡም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመውና ሕመማቸው የጠናባቸው 380 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ እሽታው ሕመምንና ስሜትን ወዲያው ቢያሻሽልም ለውጡ ዘላቂ አለመሆኑን አመልክቷል። እጅ ብቻ የተጫነላቸውም መጠነኛ እፎይታ አግኝተዋል። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ከአጋሩ ጋር ባወጣው መመሪያ፣ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ለሚቆይ ሕመምና በማስታገሻ ሕክምና ላይ ላሉ ሕሙማን እሽታ አማራጭ ሊሆን እንደሚችል አስፍሯል።

ጥንቃቄው

እሽታ ካንሰርን ያሰራጫል የሚል ስጋት በብዙዎች ዘንድ አለ። ለስላሳ እሽታ ይህን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ቢሆንም የሚከተሉት ሊታለፉ አይገባም፦

• ዕጢው ያለበትን ቦታ፣ ቁስልንና በጨረር የተጎዳ ቆዳን አለማሸት፤
• ካንሰሩ ወደ አጥንት ከተዛመተ አለመጫን፣ አለመጎተት፤ አጥንቱ በቀላሉ ሊሰበር ይችላልና፤
• አንድ እግር በድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳያሹ ወደ ሐኪም መውሰድ፤
• በኬሞቴራፒ ምክንያት የፕላትሌት መጠን ሲቀንስ ቀላል ጫና እንኳ ከቆዳ ሥር ሊያደማ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ፤
• ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠ ክንድን ያለ ባለሙያ አለመንካት።

ከሁሉ የከፋው አደጋ መዘግየት ነው። በጡት፣ በአንገት ወይም በብብት የወጣ እብጠት በወጌሻ ታሽቶ አይጠፋም፤ ካንሰር ከሆነ ግን በቀላሉ ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ያልፋል። የአምባ ጊዮርጊስና የአካባቢው ነዋሪ በቅርቡ ካለው ጤና ተቋም ተመርምሮ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሪፈር መሄድ ይችላል።

ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ቤተሰብ እጁን ታጥቦና ጥፍሩን ቆርጦ የታማሚውን እጅ ወይም እግር ለጥቂት ደቂቃዎች በቀስታ ሊያሽ ይችላል። ታማሚው በፈለገ ጊዜ ይጀመራል፤ ሲያመው ወይም በቃኝ ሲል ወዲያው ይቆማል።