ከፎቶው ጀርባ ያለው ዓመተ ምሕረት



ባለፈው ወር ልጆቹን «ከቤት አንድ የድሮ ፎቶ ይዛችሁ ኑ» ብለናቸው ነበር። አንዷ ተማሪ የወታደር ልብስ የለበሱ አያቷን ፎቶ አመጣች። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «1944» ተብሎ ተጽፏል። «አያቴ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበሩ» አለችን። አይፈረድባትም፤ በሳምንቱ ቀናት በምትማርበት ትምህርት ቤት 1944 ማለት ያ ጦርነት ነው። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ግን የቆጠረው በእኛው አቆጣጠር ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲጨመርበት 1951 ወይም 1952 ይሆናል። ያኔ ደግሞ የኢትዮጵያ ወታደሮች የዘመቱት ኮሪያ ነው።

ስለዚህ ልብሱን ከመመርመራችሁ በፊት ፎቶውን ገልብጡት። ከዚያ ክንዱን እዩ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ኮሪያ ላይ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለተመደበ ልብሱም መሣሪያውም የአሜሪካ ነበር። «ይሄማ የአሜሪካ ልብስ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። የክፍለ ጦሩ አርማ በቀይ ክብ መሐል ያለ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ምልክት ነው፤ የሚሰፋውም ግራ ክንድ ላይ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩ ግራጫ ስለሚመስል ቀለሙን ትታችሁ ቅርጹን ፈልጉ።

ጀርባው ላይ ያለው ዓመት ከ1952 እስከ 1956 ዓ.ም. ከሆነ ኮንጎንም አስቡ። ወታደሮቻችን እዚያ የዘመቱት በተባበሩት መንግሥታት ሥር ስለነበር የድርጅቱን ምልክት ቆባቸው ላይ ፈልጉ።

ረጅም ታርቡሽ ከነዘርፉ፣ ወገቡም ላይ ሰፊ መቀነት ካያችሁ ደግሞ ሰውየው የጣሊያን አስካሪ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። በብዙ ቤት አስካሪ የነበረ አያት ወይም በደርግ ጊዜ የዘመተ አጎት ስሙ ሳይነሣ ኖሯል። ፎቶውን አትደብቁት። አንዱ ወዶ ገባ፣ አንዱ ደመወዝ ፈልጎ፣ ሌላው ተገዶ። የትኛው እንደሆነ ልብሱ አይናገርም። የጓደኛውን ካፖርት ተውሶ ፎቶ ቤት የገባም አይጠፋም። ለልጁ ዕድሜው የሚችለውን ያህል ንገሩት።

ልብሱ የማይነግረንን የሚነግሩን ሰዎች ደግሞ እያረጁብን ነው። ያቺ ተማሪ ከእናቷ ጋር ሆና አገር ቤት ላሉት ሴት አያቷ ደወለች። «አዎ፣ ኮሪያ ነበር። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሏት። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወሩላት። ልጅቷ ግማሹን ባትረዳውም እናቷ በስልኳ ቀድታዋለች።

የዚህ ወር የቤት ሥራ የእናንተም ነው። ቤት ያለውን ፎቶ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሡት፤ ከአልበሙ ላይ ከተጣበቀ ግን አትገንጥሉት። ለሚያውቅ ዘመድ ላኩና በልጃችሁ አፍ አስጠይቁ፤ መልሱንም ቅዱት። ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን በተለየ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዓመቱ ቀጥሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አደራ አትርሱ። የልጅ ልጆቻችሁ እንዳይሳሳቱ።