የጠባይ ማረሚያ ታሪክ፦ ከአርጩሜው በኋላ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ስም ነው። አጥፊ ልጆች የሚላኩበት ቤት «ወህኒ» አልተባለም፤ «ጠባይ ማረሚያ» ተባለ። ስሙ የልጁን ጠባይ ይመለከታል። የጠባቂውን ጠባይ ማን ይመልከት የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ሲተው ኖሯል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ከአዋቂ ለይቶ፣ ዓላማው ማረም እንዲሆን ደነገገ። ያው ሕግ ግን ዳኛው እምቢተኛውን ልጅ በአርጩሜ እንዲያስገርፍ ፈቅዶ ነበር፤ ከ12 ሳይበልጥ፣ ጤንነቱ ሲፈቅድ ብቻ። መስማቱ ይከብዳል። ሆኖም ያ አርጩሜ ያዘዘው ዳኛና የተቆጠረ ልክ እንደነበረው ልብ በሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ጠበቀ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ግርፋቱን አስቀረ። ይህን ታላቅ እርምጃ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በግቢ ውስጥ የሚያርፍ ጥፊ ግን ዳኛም መዝገብም የለውም፤ ክልከላው ያለ ተመልካች አይደርስበትም።

ለረጅም ዘመን ራሱን የቻለው ጠባይ ማረሚያ አዲስ አበባ፣ ልደታ የሚገኘው ብቻ ነበር። መርሳ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሰረቀ እንበል። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ወዲያው ቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ወደ ሀብሩ፣ ያቀርበዋል። ዳኛው ማረሚያ ይግባ ካለስ? ከወልድያ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚሁ ይቆይ ቢባል ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ከአዋቂዎች እንዲለይ ያዛል፤ ለጥቂት ልጆች የተለየ ክፍል፣ የተለየ ጠባቂ ማዘጋጀት ለየትኛውም የዞን ማረሚያ ቤት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በአገራችን የመጀመሪያዋ ተቆጣጣሪ ስንቅ የምታደርሰዋ እናት ናት። ልጇ መክሳቱን፣ ፊቱ ማበጡን ከማንም በፊት የምታየው እርሷ ናት። ርቀቱ ይህችን ተመልካች ያስቀራል። የተባበሩት መንግሥታት በ1983 ዓ.ም. ነፃነታቸውን ለተነፈጉ ወጣቶች ያወጣው ደንብ ምግብ መቀነስንና ከቤተሰብ ማቋረጥን በቅጣትነት ከልክሏል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ማንም ሳይቀጣ በመንገዱ ርዝመት ብቻ ይፈጸማል።

በአዋጅ 210/1992 የተቋቋመው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን ይጎበኛል፤ ጉብኝት ግን አልፎ አልፎ ነው። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 180 ነው። በዚህ አንቀጽ ትእዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት፣ የልጁ ጥቅም የሚጠይቅ ከሆነ፣ በራሱ ተነሳሽነት ወይም በማመልከቻ ትእዛዙን መለወጥ ይችላል። ዳኛው ልጁን ልኮ ፋይሉን አይዘጋም ማለት ነው። ማመልከቻው ግን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፤ መርሳ ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጥ እናት ይህ አንቀጽ መኖሩን ከማን ትስማ? ከፊቴ የተቀመጣችሁት የሕግ ተማሪዎች ከሀብሩ፣ ከጉባላፍቶ፣ ከራያ የመጣችሁ ናችሁና፣ ውይይቱን ከዚህ እንጀምር።