የብሪታንያና የአሜሪካ የቋንቋ ዝምድና፤ ስለ «ኮርን» አተረጓጎም

ብሪታንያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1783፣ እንደገናም ከ1812 እስከ 1815 ተዋግተዋል፤ በ1814 የብሪታንያ ጦር በዋሺንግተን የመንግሥት ሕንፃዎችን አቃጥሏል። ኖኅ ዌብስተርም በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ አሜሪካ በቋንቋም ራሷን እንድትችል ተከራክሮ ነበር። ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላቱን ረቂቅ በ1825 የፈጸመው በእንግሊዝ አገር፣ በኬምብሪጅ ከተማ ነው። በ1828 የታተመው ይኸው ሥራ 70,000 ያህል ቃላት ሲይዝ፣ በርእሱ «አሜሪካዊ» ቢባልም ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ከማለት አልራቀም።

ይህ የጋራ ሀብት ለተርጓሚ ስሕተትም በር ይከፍታል። «ኮርን» በእንግሊዝ ነባር አጠቃቀም እህልን በጠቅላላው፣ በአሜሪካ ግን በቆሎን ያመለክታል። ስለዚህ ብሪታንያ በ1846 የሻረችውን «የኮርን ሕግ» «የበቆሎ ሕግ» ማለት ታሪኩን ማዛባት ነው፤ «የእህል ሕግ» ቢባል ትክክለኛ ይሆናል እንላለን።