የግብረ ገብ ምንጭና የባሌ ደጋ ታሪክ

የሰው ልጅ መልካሙን ከክፉ የሚለይበት ሚዛን ከተፈጥሮ፣ ከባህል ወይስ ከአእምሮ መነጨ? ጥያቄው የአውሮፓ ፈላስፎች ብቻ የተከራከሩበት አይደለም፤ የባሌ ታሪክም በጉዳዩ ላይ የሚለው አለው።

ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቲ አምባ ለወጣ ሰው የቀይ ቀበሮ ኑሮ አንድ ነገር ያስተምረዋል። ቀይ ቀበሮ ለአደን የሚሠማራው ለየብቻው ነው፤ ግልገሎቹን የሚያሳድገው ግን መንጋው በሙሉ ነው። ያልወለደችው ሴት እንኳ የምታጠባበት ጊዜ አለ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው የሰው ልጅ አመጣጥን በሚመለከት መጽሐፉ የግብረ ገብን ሥር በእንዲህ ያለው ማኅበራዊ ደመ ነፍስ ውስጥ ፈልጎታል። ይሁንና ቀበሮው የጎረቤቱን መንጋ ከወሰኑ ያባርራል። ታዲያ የሰው ርኅራኄ ወሰን የተሻገረው በምንድን ነው?

ጂላ የሚባሉት የኦሮሞ መንፈሳዊ ተጓዦች ከጊቤ ማዶ ሳይቀር ተነሥተው ወደ አባ ሙዳ ለመድረስ ወራት ይጓዙ ነበር። በመንገዳቸው ጎሳ ከጎሳ ቢዋጋም ጂላን መንካት ነውር ነበረ፤ ዘመዳቸው ያልሆነ ገበሬ ያሳድራቸዋል፣ ያበላቸዋል። ይህን ያደረገው የሥጋ ዝምድና ሳይሆን ኦሮሞ «ሰፉ» የሚለው፣ ልጅ ከአባቱ ደጅ የሚማረው ሥርዓት ነው። ጉዞው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ግድም ቢቋረጥም፣ ባላ በትሩን ይዞ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጎርፈው ሕዝብ የዚያን እንግዳ ተቀባይነት ወግ ዛሬም ያስታውሳል።

ባህልን ብቻውን ማወደስ ግን ስንፍና ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ግድም እንደ መዘገቡት፣ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግረው ያው የገዳ ሥርዓት ለየሉባው ዘመቻም ነበረው። የኋለኞቹ ገዢዎች ወግማ ከዚህ መች ተሻለ! መሬቱ በቀላድ ሲለካ፣ ግብሩ ሲከብድ፣ ጭሰኝነት ሕግም ልማድም የደገፈው ነገር ነበር።

የባሌ ገበሬ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በነዋቆ ጉቱ መሪነት ሲያምፅ የሃይማኖትና የብሔረሰብ በደልም ገፍቶታል። ዳሩ ግን ሕጋዊ የተባለውን መዝኖ ፍትሐዊ አይደለም ማለት የደመ ነፍስ ሥራ አይደለም፤ የወረሱትን ወግ መድገምም አይደለም። መንግሥት ሽፍትነት አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ በዚያው ብዕር ገበሬው መሬቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳይለውጥ ከለከለ። በዚህ በኋለኛው ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።