ቀስ ብሎ ለመስማት የተሠራ ዕቃ

ጾሬ ላይ ትንሽ የሞባይል ዕቃ መሸጫ አለችኝ። ቻርጀር፣ ሚሞሪ፣ ባትሪ፣ የስልክ ሽፋን፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምሸጠው። ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ግን ይሄን ነው፦ «ለዚች ኤምፒ ስሪ የሚሆን፣ ጆሮ የማያሳምም፣ ኪስም የማይጎዳ ኤርፎን የቱ ነው?» ጠያቂው የአሶሳ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የሆሞሻ ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ እዚሁ መጠለያ የገባ ወጣትም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ለዓመታት መልሴ አጭር ነበር። «ይሄን ውሰድ፣ ቤዝ አለው።» በቃ። አሁን መልሴ ረዝሟል። ለምን እንደረዘመ ልንገራችሁ፤ ታሪክ ስለሚበዛው ትንሽ ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ሙሉ ቀን የናፍጣ ሞተር አጠገብ ይቆማል። ከሦስት ዓመት በፊት መጥቶ «ጋሼ፣ የሞተሩን ጩኸት የሚያሸንፍ ኤርፎን ስጠኝ» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ካለኝ ሁሉ በጣም የሚጮኸውን መርጬ ሰጠሁት። ላስቲክ የሌለው፣ ጆሮ ላይ የማይቀመጥ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። ዛሬ እናታችን በግራው በኩል ሆና ስትጠራው አይሰማም። ማታ ሁሉ ዝም ሲል ጆሮው ጭው ይልበታል። ዕቃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ኤርፎን የሚባለው ዕቃ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ፤ ኤርፎን መጀመሪያ የተሠራው ድምፅ ለማስጮህ አልነበረም። ደካማ ድምፅ ለመስማት ነበር።

የዛሬ 100 ዓመትና ከዚያ በፊት የነበረው የራዲዮ ሞገድ እጅግ ደካማ ስለነበር ድምፅ ማጉያ ማንቀሳቀስ አይችልም። የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ያቺን ቀጭን ድምፅ ለመያዝ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰዓታት ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የሚባል የአሜሪካ የዩታ ግዛት ሰው የተሻለ ማዳመጫ ሠርቶ ለባሕር ኃይሉ ላከ። ባሕር ኃይሉ ሞክሮት ወደደውና ብዙ አዘዘ። ሰውየው ግን የሚሠራው በቤቱ ማድ ቤት ስለነበር በአንድ ጊዜ ከጥቂት በላይ ማድረስ አልቻለም።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ማዳመጫው ጥሩ ይሰማል፤ ግን ራስ ላይ አይመችም ተባለ። ባልድዊን ቆዳ የለበሱ፣ የሚረዝሙና የሚያጥሩ ሽቦዎች ያሉት የራስ ማሰሪያ ሠራለት። «ይሄንንም በስምህ አስመዝግበው» ሲሉት እምቢ አለ፤ ይሄማ ተራ ነገር ነው ብሎ። አያችሁ? ምቾት ከመጀመሪያውም ተራ ነገር ተብሎ ተናቀ። እኔም ለወንድሜ ስመርጥ የናቅኩት እሱኑ ነው።

በ1920ዎቹ ደግሞ ባትሪም መብራትም የማይፈልግ የክሪስታል ራዲዮ በየቤቱ ገባ። አንድ ሰው ብቻ በማዳመጫ ይሰማል። ቤተሰቡ ሁሉ ልስማ ሲል ማዳመጫውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡትና ዙሪያውን ይሰበሰቡ ነበር። እዚህ ጾሬም ልጆች ስልካቸውን ጣሳ ውስጥ ከተው ሙዚቃ ሲሰሙ አያለሁ። ዘዴው ያው ነው።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ወላጆቼ ከወሎ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት መካከል ናቸው። አባቴ በትልልቅ ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ራዲዮ ነበረችው፤ ለአንድ ጆሮ ብቻ የምትሆን ማዳመጫም አብራት ነበረች። በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ መስማት በሰው ፊት የሚደረግ ነገር አልነበረም። ዶቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰምቶታል። አባቴም ማታ ማታ ያቺን ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ከቶ ነበር ዜና የሚሰማው። ሌላው ጆሮው ለበሩ ነው፤ ሰው ቢመጣ ይሰማል። ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ቢያስፈልገውም አይደፍርም። በ80 ዓመቱ ሹክሹክታ ይሰማል። ልጁ ግን ገና በ26 ዓመቱ አይሰማም።

ታዲያ ይህ ዕቃ መቼ ነው የጩኸት ዕቃ የሆነው?

እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ጆን ኮስ የሚባል ሰው ለሆስፒታል ሕሙማን ቴሌቪዥን ያከራይ ነበር። ከጓደኛው ጋር ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ሠሩ፤ የስቲሪዮ ማዳመጫም ጨመሩበት። ገበያው ማጫወቻውን ትቶ ማዳመጫውን ወደደ። ለሙዚቃ ተብሎ የሚሸጥ ማዳመጫ ገበያ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔም ቢሆን ዕቃው ከባድ ነበር፤ ቤት ተቀምጦ የሚሰሙበት ነው።

ከዚያ ዎክማን መጣ። ሶኒ የመጀመሪያውን በጃፓን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ሲሆን ዋጋው 33,000 የን ነበር። ብዙ ሰው ተአምሩ ካሴት ማጫወቻው ይመስለዋል። እኔ ግን ተአምሩ ማዳመጫው ነው ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን የተለመደው ማዳመጫ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝን ነበር፤ የዎክማኑ ግን ወደ 50 ግራም ብቻ ነው። ጆሮ ላይ የሚያርፈውም ለስላሳ ስፖንጅ ነበር። ይህ ባይሆን ሰው ራሱ ላይ አድርጎት መንገድ ላይ ባልተራመደ።

ሌላም ነገር አለ። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ መሣሪያውን ቤቱ ወስዶ ሲሞክር ባለቤቱ ተከፋች፤ ብቻውን ሲሰማ እሷ ውጭ ቀረችበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ እንዲኖረው ተደረገ፤ ለሁለት ሰው ማለት ነው። ማዳመጫውን ሳያወልቁ ለመነጋገርም አንድ ብርቱካናማ ቁልፍ ተጨመረለት፤ ሲጫኑት ሙዚቃው ቀንሶ የሰው ድምፅ ይገባል። ገዢው ግን ለየራሱ መግዛትን መረጠ። ቁልፉም ሁለተኛው ቀዳዳም በኋላ ቀሩ።

ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የበርታ ሕዝባችን ዋዛ ነው። ከቅል የተሠራ ረጅም መለከት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የጎኑን ሰው ድምፅ የማይሰማ ሰው ዋዛ መንፋት አይችልም። እኛ ከዚህ አገር ተነስተን ነው እንግዲህ የጎናችንን ሰው ላለመስማት ኤርፎን የምንገዛው።

በቃ ነገሩ ይሄ ነው ወዳጆቼ። የማይመች ኤርፎን ጆሮ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ካልተቀመጠ የውጭ ጩኸት ይገባል፤ የሙዚቃው ወፍራም ድምፅም ያመልጣል። ያኔ እጃችን ድምፅ መጨመሪያው ላይ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ዴሲቤል ላይ ለሳምንቱ የሚተርፈን 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የተጎዳው የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦

አንደኛ፣ ቀላሉን ምረጥ። አድርገኸው ጥቂት ደቂቃ ቆይ፤ ሱቅ ውስጥ ከቆረቆረህ ቤትህ ሆነህም ይቆረቁርሃል።

ሁለተኛ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ላስቲክ ያለውን ውሰድ። ሦስቱንም ሞክር። የግራና የቀኝ ጆሮ ልክ ሊለያይ ይችላል። በደንብ ሲገጥም በትንሽ ድምፅ ብዙ ትሰማለህ።

ሦስተኛ፣ ለትንሽ ማጫወቻ ካርቶኑ ላይ ከ16 እስከ 32 ኦም የሚል ይበቃል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ድምፁ ያንስብህና እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለህ።

አራተኛ፣ ሽቦው ጃኩ ጋ የሚገናኝበትን እየው። ርካሽ ኤርፎን ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ወፈር ያለ ጎማ ካለው ይቆያል።

አምስተኛ፣ በክንድ ርቀት ሆኜ በተለመደ ድምፅ ሳናግርህ ካልሰማኸኝ፣ ቀንስ።

ወፍጮ ቤት፣ ጄኔሬተር አጠገብ፣ ድንጋይ መፍጫ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ኤርፎን አልሸጥም። የጆሮ መከለያ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሙዚቃውን ከሥራ በኋላ ስሙት።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች መጡ። ያላቸው ብር ለአንድ ኤርፎን ብቻ ነው የሚበቃው። ለስላሳውን መረጥኩላቸው። ሱቄ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን አድርገው ሰሙ። የሁለቱም ሌላው ጆሮ ክፍት ነበር። እናታቸው ብትጠራቸው ይሰማሉ ብዬ አሰብኩ።

ለወንድሜ መከለያ ገዝቼለታለሁ። የቀኙን ጆሮ እንኳ እናትርፍለት። እናንተስ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ የለም? እስቲ ዛሬ ማታ በዝግታ ጥሩትና እዩት።