የወፍ በሽታ በበርበሬ ተራ

መርካቶ በርበሬ ተራ ገብቶ ሳያስነጥሰው የወጣ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ሦስት ሆነን ገብተን ሦስታችንም እያነባን ወጣን። የሄድነው ደግሞ በርበሬ ልንገዛ አልነበረም (እናቶቻችን ሲሰሙ "ከሄዳችሁ አይቀር አንድ ሁለት ኪሎ" ማለታቸው ባይቀርም)። የሄድነው የጉበት ነገር አሳስቦን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሃላችን አንዱ ደም ሊለግስ ሄዶ "ሄፓታይተስ ቢ አለብህ" ተብሎ ተመለሰ። ዓይኑ ቢጫ አልሆነ፣ ሆዱን አልነፋው፣ ኳሱንም እንደ ወትሮው ይጫወታል። ቤት ገብቶ ሲናገር አክስቱ በአንድ ቃል ዘጉት፦ "የወፍ በሽታ ነው!" መድኃኒቱም ቅጠል ነው፤ አዋቂውም ሩቅ አይደለም። እኛ ቅጠሉን ትተን የበሽታውን ታሪክ ፍለጋ ገባን።

ጉበት በእኛ አገር ዕድለ ቢስ ነው። አበሻ ሐዘኑን ለአንጀቱ፣ ቂሙን ለሆዱ፣ ፍቅሩን ለልቡ አከፋፍሎ ሲጨርስ ለጉበት የተረፈው ዱለት ውስጥ መግባት ብቻ ነው። ታምሞ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ እንኳ ስሙ አይነሳም፤ ጥፋቱ በሌሊት ወፍ ይሳበባል።

ሐኪሞቹ ግን በስሙ መጥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያው ነውና።) በ1970 ፓቭሊሳ እና ሳሙኤል የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአስከሬን ምርመራ የተረጋገጡ 38 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን ጉዳይ በአንድ የእንግሊዝ የካንሰር መጽሔት አወጡ። ማረጋገጫው የመጣው ከሞት በኋላ ነው ማለት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ 100 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን የተከታተሉበትን ጥናት አሳተሙ። (በ2018 የወጣውን፣ ስለ ጎንደሬዋ አያቷ ስለ ወይዘሮ የተመኙ የሚተርከውን የአይዳ እደማርያምን መጽሐፍ ያነበባችሁ፣ አባቷ እኚሁ ናቸው።) በ1991 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መሃል ስለተነሳ የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ጻፉ። ሄፓታይተስ ኢ የሚዛመተው በተበከለ ውሃ ነው። ወፏ እዚህም የለችበትም።

የጓደኛችን ቫይረስ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኘውን እንግዳ ፕሮቲን በ1965 ይፋ አደረገ። ኋላ ሲጣራ የሄፓታይተስ ቢ ሽፋን ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየውም በ1976 ኖቤል ተሸለመ። ክትባቱ ተሠርቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ ለኢትዮጵያ ሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ይህን የምንጽፈው ሁላችንም ከዚያ በፊት ነው የተወለድነው። በ2016 ብዙ ጥናቶችን ጨምቆ የወጣ አንድ ሥራ ደግሞ የቫይረሱን ሥርጭት በኢትዮጵያ 7.4 ከመቶ አድርሶታል። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሲሞላ አንድ ሰው ገደማ ማለት ነው፤ ያውም ትርፍ ሳይጫን።

ታዲያ በርበሬ ምን አገባው?

በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ጉበታቸው እየተበላሸ አለቁ። ተፈልጎ ተፈልጎ ጥፋቱ ከብራዚል በመጣ የለውዝ መኖ ላይ ተገኘ፤ መኖው ሻግቶ ነበር። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1987 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መደበው። እንቅልፍ የነሳን ግን የሻንጋዩ ጥናት ነው። 18,244 ወንዶችን ተከታትሎ በ1994 ባወጣው ውጤት፣ አፍላቶክሲን ብቻውን የጉበት ካንሰርን አደጋ ሦስት እጥፍ ገደማ፣ ቫይረሱ ብቻውን ሰባት እጥፍ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ስድሳ እጥፍ ገደማ! እንዲህ ያለ ሽርክና መርካቶም አልታየ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ሀብታሙ ፉፋ እና ቀልቤሳ ኡርጋ የተባሉ የአገራችን ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ 60 የሽሮና 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙና መረመሩ። ከበርበሬው 8፣ ከሽሮው 5 ናሙና አፍላቶክሲን ተገኘበት። አብዛኛው ንጹሕ ነው፤ አናጋንን። የተገኘበት በርበሬ ግን በኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ይዞ ነበር። አሜሪካኖች ለምግብ የሚፈቅዱት 20 ነው።

ጥናቱ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በርበሬ ተራ ግን አልደረሰም፤ ጠይቀን አረጋግጠናል። ከማዳበሪያ ክምር ሥር ተቀምጠው በርበሬ የሚቀነጥሱ አንዲት እናት "አፍላ... ምን?" አሉን። ሻጋታ ስንል ግን ሳቁብን። "እሱንማ ማን ያጣዋል ልጆቼ! ዛላው እንዳይሰባበር ውሃ ይረጩበታል፤ ሚዛንም ይጨምራል። ከዚያ ታፍኖ ይከርማል።" አንድ ዛላ አንስተው ሰነጠቁልን። ከውጭ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ማረቆ፤ ከውስጥ ፍሬው ላይ አመድ የመሰለ ነገር። "ይሄ አብሮ ሲፈጭ ማን ያየዋል?" ወጥ ቢንተከተክም መርዙ በእሳት በቀላሉ አይጠፋም ብለን ልንነግራቸው አፋችንን ከፍተን፣ ማስነጠስ ቀደመን።

አዲስ አበባ በዚህ መርዝ አንድ ጊዜ በደንብ ደንግጣለች። በከተማዋና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን ልክ ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸው በ2015 ሲሰማ ብዙ ቤት ወተት ቀረ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱ መነጋገሪያ ሲሆን በርበሬና ሽሮው ያመለጡት፣ ያለ እነሱ ምሳ ስለሌለ ይመስለናል።

በዚያው በ2015፣ ከመርካቶ በታክሲ ብዙ በማይርቀው ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ጀመሩ። ከሰሃራ በታች ካሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። 1,303 ሰው ተመዘገበ፤ በሙከራው ወቅት መድኃኒት የጀመሩት 328 ናቸው። የሌሎቹ ጉበት ክትትል እንጂ ክኒን አላስፈለገውም። ከሞቱት አብዛኞቹ ጉበታቸው ጠጥሮ፣ ዘግይተው የመጡ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ጉበት ሌላው ዓለም ንቅለ ተከላ አለው፤ ቶማስ ስታርዝል ዴንቨር ላይ በ1963 ሞክሮ፣ በ1967 ተሳክቶለታል። ጳውሎስም በ2015 ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ የኩላሊት ግን ነው።

ጓደኛችን አሁን ከክትትሎቹ ወገን ነው፤ በየስድስት ወሩ ይታያል። የአክስቱን ቅጠል አልጠጣም፤ አክስቱም አላኮረፉም፤ ከዚያ ይልቅ እሳቸውና ልጆቻቸው ሄደው ተመረመሩ። እኛም ተመርምረን ክትባቱን ጀምረናል።

በርበሬ? ገዛን እንጂ፤ ሁለት ኪሎ። ጓደኛችን ከአክስቱ ጋር ጉልት ላይ ተቀምጦ ዛላውን አንድ በአንድ እየሰነጠቀ ያያል። አክስቱ "እንዲህማ እስከ ፋሲካ አንጨርስም" ይላሉ፤ እሱ መልስ ሳይሰጥ ቀጣዩን ያነሳል።