ላንካኦ፦ ወንዝ ያፈረሰው፣ ገበሬ ያቀናው ወረዳ

ላንካኦ በቻይና ሄናን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጥንታዊቷ የካይፈንግ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሜዳማ የገጠር ወረዳ ነው። የዛሬውን ስፋቱንና ስሙን ያገኘው ላንፌንግና ካኦቼንግ የተባሉት ሁለት ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ሲዋሃዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕዝቡ በዋናነት ስንዴ፣ ለውዝ፣ ስኳር ድንችና ሐብሐብ ያመርታል።

የወረዳውን ታሪክ ከቢጫ ወንዝ ለይቶ ማየት አይቻልም። ወንዙ ከምዕራብ መጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚታጠፈው እዚሁ ላይ ነው። በ1855 ቶንግዋሺያንግ በተባለው ስፍራ ግድቡን ሰብሮ በመውጣት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይፈስበት የነበረውን መንገድ ትቶ ወደ ሰሜን ዞረ፤ ወደ ቦሃይ ባሕርም መግባት ጀመረ። የለቀቀው አሮጌ መውረጃ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ቀረ።

ከዚህም የተነሳ ሦስት ችግሮች በወረዳው ላይ ተደራረቡ። አንደኛው በደረቅ ወራት ንፋስ እያነሳ ማሳ የሚያለብሰው አሸዋ ነው። ሁለተኛው በክረምት በዝቅተኛ ቦታዎች የሚተኛው ጎርፍ ነው። ሦስተኛው ጨው ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በመሆኑ በፀሐይ ወደ ላይ እየተሳበ ይተናል፤ ጨውን ግን አፈሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የተዘራ ዘር ቢበቅል እንኳ ይጠወልጋል።

1962 ከሁሉም የከፋ ዓመት ነበር። በዚያ ወቅት የወጣው ዘገባ እንደሚያስረዳው በጸደይ ንፋስ ያነሳው አሸዋ 13 ሺህ ሄክታር ያህል ስንዴ አጠፋ፤ በመኸር ጎርፍ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ ሰብል አሰጠመ፤ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቡቃያ ደግሞ በጨው ተቃጠለ። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በላንካኦ ባቡር ጣቢያ እየተሳፈረ ለልመና ወደ ሌላ አገር ተሰደደ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጂያኦ ዩሉ በወረዳው የኮሚኒስት ፓርቲ ኮሚቴ ውስጥ በኃላፊነት ተመደበ። መጀመሪያ ያደረገው ቢሮ ተቀምጦ ዕቅድ ማውጣት ሳይሆን መሬቱን ዞሮ ማየት ነበር። ከሠራተኞችና ከገበሬዎች የተውጣጣ ቡድን በወረዳው ያሉትን 84 የንፋስ መግቢያዎችና 1,600 የአሸዋ ክምሮች አንድ በአንድ መዘገበ። ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣም ዝናብ እየዘነበ በእግር ተከታተለ።

መፍትሔው የተገኘው ከገበሬው ዘንድ ነው። አንድ ገበሬ የእናቱን መቃብር ንፋስ እንዳይገልጠው ከሥር ቆፍሮ ባወጣው ሸክላ አፈር ሸፍኖት ነበር፤ አሸዋውም ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። ይህ ተሞክሮ ተወስዶ የአሸዋ ክምሮች በሸክላ አፈር እንዲለበሱ፣ በላያቸውም ሣርና ዛፍ እንዲተከል ተደረገ። ለጎርፉ የማፋሰሻ ቦዮች ተቆፈሩ።

ለተከላው የተመረጠው ፓውሎኒያ የተባለው ዛፍ ነው። ዛፉ በአሸዋ ላይ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሥሩ ወደ ጥልቀት ስለሚወርድ ስንዴውን በውሃ አይሻማም። በጸደይ ቅጠል የሚያወጣው ዘግይቶ ስለሆነም ስንዴው ፀሐይ ያገኛል። በዚህ ምክንያት ዛፉና ስንዴው በአንድ ማሳ አብረው ሊለሙ ቻሉ።

ጂያኦ ዩሉ ውጤቱን አላየም። ላንካኦ ከገባ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው፣ ግንቦት 1964 በ41 ዓመቱ በጉበት ካንሰር አረፈ። በኑዛዜውም መሠረት አስከሬኑ በ1966 ተዛውሮ በላንካኦ አፈር አረፈ። ተከላውን የቀጠለው ሕዝቡ ነው።

ይሁን እንጂ አሸዋ መቆሙ ብቻውን ድህነትን አላስቀረም። ከ1978 በኋላ በቻይና የመሬቱ ባለቤትነት በጋራ እንደሆነ ቀጥሎ የመጠቀም መብቱ በኮንትራት ለየቤተሰቡ ሲሰጥ ምርት ጨመረ፤ ላንካኦ ግን በ2002 እንኳ ከአገሪቱ ድሃ ወረዳዎች ተርታ ተመዝግቦ ነበር። ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህ ካገዙት አንዱ ያው ዛፍ ነው። እንጨቱ ቀላል፣ የማይጣመምና ድምፅ በደንብ የሚያስተጋባ በመሆኑ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ጉጀንግና ፒፓ የተባሉት የቻይና ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያዎች ይሠሩበታል። ንፋስን ለመመከት የተተከለው ዛፍ ለገጠሩ ወጣት የእጅ ሙያና ገቢ ሆነ። በአገር ደረጃም ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ፣ በየግሉ የሚያርሰው ገበሬ ግብዓትና ገበያን በጋራ እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል።

ከላንካኦ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ማግኘት ይቻላል። አንደኛው፣ የመሬትን በሽታ አስቀድሞ የሚያውቀው በላዩ የሚያርሰው ገበሬ ስለሆነ፣ የባለሥልጣኑና የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ዞሮ ማየትና መስማት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የተራቆተ መሬት ለማገገም ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን የረዘመ ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ጂያኦ ዩሉ በ1963 የተከለው ፓውሎኒያ ዛሬም በላንካኦ ቆሟል፤ በጥላው የሚያርፉት ግን ተካዩን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ናቸው።